ራስቤሪ ከመገረዙ በፊት ዓይነቱ ይለይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጓሮ አትክልት ዓምዳችሁ ራስቤሪን (እንጆሪ መሰሉን ፍሬ) በመኖሪያ ግቢ ስለመትከልና ስለመንከባከብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ውኃና ስለ ማዳበሪያ የተባለው በአብዛኛው የሚያስማማ ነው። ሆኖም «ብርዱ ሊያበቃ ሲል አገዳውን ሁሉ ከመሬት እኩል ቁረጡት» የሚለው ምክር ለአንዱ ዓይነት ብቻ የሚሠራውን ለሁሉም አድርጎ ያቀረበ በመሆኑ፣ ምክሩን አምኖ መቀስ ያነሳ አንባቢ የዓመት ፍሬውን እንዳያጣ በማሰብ ይህን ማስተካከያ ልኬያለሁ።

የራስቤሪ ሥር ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ከሥሩ የሚወጣው አገዳ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለምለም ሆኖ ወደ ላይ ይመዘዛል። በሁለተኛው ዓመት ቅርፊቱ ቡናማ ይሆንና ከጎንና ከጎኑ አጫጭር ቅርንጫፎችን አውጥቶ ያብባል፣ ያፈራል፣ ከዚያም ይደርቃል። በሞቃቱ ወቅት አጋማሽ የሚያፈሩት ዝርያዎች የሚከተሉት ይህንኑ ሥርዓት ስለሆነ፣ ብርዱ ሊያበቃ ሲል አገዳቸውን በሙሉ የቆረጠ ሰው የሚጥለው በጥቂት ወራት ውስጥ ሊለቅመው የነበረውን ፍሬ ነው። ጉዳቱ ቶሎ የማይታወቀውም ተክሉ ስለማይሞት ነው፤ በምትኩ አዲስ አገዳ በብዛት ያበቅላል፣ ባለቤቱም ቅጠሉ እንዲህ አምሮበት ሳለ ፍሬ የከለከለው ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ዘግይተው የሚያፈሩት ዝርያዎች ግን፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1969 በኒውዮርክ ከሚገኝ የግብርና ምርምር ጣቢያ የወጣው ሄሪቴጅ፣ በዚያው በበቀሉበት ዓመት በአገዳው ጫፍ ላይ ስለሚያፈሩ ሁሉንም መቁረጥ ለእነርሱ ትክክለኛ አሠራር ነው።

በሞቃቱ ወቅት አጋማሽ የሚያፈሩት የሚገረዙት ፍሬያቸው ተለቅሞ እንዳለቀ ነው። ያፈራው አገዳ ቅርፊቱ ቡናማና የሚላላጥ ከመሆኑም በላይ የተለቀሙት ፍሬዎች ነጫጭ እምብርት እንደተሰካበት ስለሚቀር ከአረንጓዴው አዲስ አገዳ ጋር አይምታታም። እርሱን ጉቶ ሳያስቀሩ ከሥሩ ቆርጦ ካወጡ በኋላ፣ ከአዲሶቹ መካከል ጠንካራ የሆኑትን በአንድ ተክል ከስድስት እስከ ስምንት ብቻ አስቀርቶ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ ለድጋፍ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ማሰር ይገባል። ደካሞቹን ለማስወገድ የሚሳሳ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተጨናነቀ አገዳ አየር ስለማያገኝ ለሻጋታ ይጋለጣል፣ ፍሬውም ያንሳል። ዘግይተው ከሚያፈሩት ላይ ጫፉን ብቻ ቆርጦ የታችኛው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንዲያፈራ ማድረግም ይቻላል። በእኔ ግምት ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመልቀም አንድ ጊዜ ጥሩ ምርት ማግኘት ይሻላል።

ዓይነቱን የማያውቅ ሰው አንድ ዓመት ምንም ሳይገርዝ ይመልከት። በዚያው ዓመት የበቀለው አገዳ ጫፉ ላይ ካፈራ ዘግይቶ አፍሪው ነው፤ ሳያፈራ ብርዱን ካሳለፈ ደግሞ የሚያፈራው በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ መቀሱን ከእርሱ ያርቅ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጽሑፉ ከጎረቤት የቆየ መደብ ላይ ቡቃያ እየነቀሉ መትከልን እንደ ቁጠባ ማበረታታቱ ነው። ራስቤሪ ከሥሩ ቡቃያ እያወጣ ስለሚዛመት ይህ ቀላል መንገድ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን የተክል ጭማቂ በሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት፣ በክሽክሽ፣ አማካይነት የሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች አንድ ጊዜ ተክሉ ውስጥ ከገቡ የሚያድናቸው መድኃኒት የለም፣ ቡቃያውም በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ፍሬው አንድ ቢመስልም የብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዷም የራሷ ዘር አላት። ጤነኛው በስሎ በቀስታ ሲሳብ ነጩን እምብርት ተክሉ ላይ ትቶ ባዶ ሆዱን እንደ ትንሽ ቆብ ሆኖ ይወጣል። ሲለቀም እጅ ላይ የሚፈርስ ከሆነ ግን ወይ ንቦች በደንብ አልጎበኙትም፣ ወይም ተክሉ ቫይረስ አለበት፤ በየዓመቱ እየደጋገመ የሚፈርስ ከሆነ ከዚያ መደብ ቡቃያ ባይወሰድ ይመረጣል። ከበሽታ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ ችግኝ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚያፈራ ዋጋውን ይመልሳል።

ስለ ቦታ አመራረጥም ጽሑፉ አንድ ነገር ዘሏል። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ ወይም ደበርጃን በነበረበት መሬት ላይ ራስቤሪን አከታትሎ መትከል አይገባም፤ እነዚህን የሚያጠወልገው የአፈር ፈንገስ ራስቤሪንም ያጠቃልና። ውኃ የሚቋጥር ቦታ ከሆነም ሥሩ ስለሚበሰብስ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ግድ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ይስማማዋል። ችግኙ በጥልቀት አይቀበርም፤ የሥሩ ላይኛው ክፍል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አፈር ቢለብስ ይበቃዋል፣ በችግኞቹ መካከልም ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። አብዛኛው ሥር ከላይኛው አፈር ሳይርቅ ስለሚሰራጭ አረሙን በዶማ ከመቆፈር በእጅ ነቅሎ ጉዝጓዝ ማልበስ ይበጃል።

እንግዲህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህ ማስተካከያ የገረዛው ወቅት ከመድረሱ በፊት በዚያው ዓምድ እንዲወጣ ነው። ችግኝ ሻጮችም የዝርያውን ስም ብቻ ከመጻፍ ይልቅ በመጀመሪያው ዓመት አገዳ ላይ የሚያፈራ ይሁን በሁለተኛው፣ በችግኙ ላይ በሚያንጠለጥሉት ወረቀት ቢገልጹ ገዢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አገራረዙን አውቆ ይተክላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ ተከታታይ አንባቢ