«የቤት ሂሳብ» ስፖንሰር ላደረጉልን ዴሊጌታችን

ግልጽ ደብዳቤ
ለዲስትሪክታችን ዴሊጌት (በሜሪላንድ ክልል ምክር ቤት ለወከሉን)፣ አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 2025)

የተከበሩ ዴሊጌት፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ዘመን ከለወጥን ገና ሳምንት አልሞላንም፤ የበዓሉ ድፎ እንኳ አላለቀም። ስለዚህ እንኳን አደረሰን ብዬ ልጀምር።

በበዓሉ ማግስት ጎረቤቴ እማማ ስልካቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። «ልጄ፣ እስቲ ይኼን እዪልኝ። የቤት ሂሳብ መጥቶብኛል መሰለኝ» አሉኝ። «ኪራዬን ከፍያለሁ፣ መብራቱንም ከፍያለሁ። ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ዕዳ ነው?»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። የእርስዎ ደብዳቤ ነው። ስለ አዳዲስ ሕጎችና ስለ አካባቢው ዜና በኢሜይል የሚልኩልን። የልጅ ልጃቸው ስልኩ ራሱ እንዲተረጉም አድርጎላቸው፣ በእንግሊዝኛ «ሃውስ ቢል» የሚለው፣ «የምክር ቤት ረቂቅ ሕግ» መሆን የነበረበት፣ «የቤት ሂሳብ» ሆኖ ወጥቷል። ከአጠገቡ ሦስት አኃዝ አለ። እሳቸው በዶላር ቆጥረውታል። ከሥሩ «ይህን የቤት ሂሳብ ስፖንሰር አድርጌያለሁ» ይላል። ዝቅ ሲል ደግሞ «ሂሳቡ ወለሉ ላይ አለፈ» ይላል።

ረቂቁን ያቀረቡት እርስዎ እንደሆኑ፣ ምክር ቤቱም እንዳሳለፈው ሳስረዳቸው እማማ ትንሽ ቅር አላቸው። «እኔማ ስፖንሰር አደረግሁ ሲሉ ሊከፍሉልኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቡና አፈላሁና ደብዳቤዎን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያነበብኩት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳልከፍተው ነበር የምሰርዘው።

መጻፍዎን አመሰግናለሁ። አንድ ዴሊጌት ወደ 44,000 ሰው ይወክላል ይባላል። አብዛኞቻችን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማን እንደወከለን እንኳ አናውቅም። የመረጥነው ሰው ተቀምጦ ምን እንደሠራ የሚጽፍልን መሆኑ እኛ ካደግንበት አገር አንጻር ትልቅ ነገር ነው። ግን ደብዳቤው አይደርሰንም። ኢሜይሉ ይደርሳል፤ ነገሩ አይደርስም።

ለምሳሌ የስፒድ ካሜራውን ነገር እንውሰድ። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው። በእኛ ሰፈር ከሹፌርነት ያልተነካካ ቤት የለም። እስከ ሴፕቴምበር 2025 ድረስ፣ ከመንገድ ሥራ ቦታዎች ውጭ፣ በካሜራ የተያዘ ሰው 40 ዶላር ይከፍል ነበር፤ በቃ። ከተፈቀደው ፍጥነት በ12 ማይል ቢያልፍም በ35 ቢያልፍም ያው ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን እንደ ፍጥነቱ ይለያያል። ከ12 እስከ 15 ማይል ያለፈ 40፣ ከ16 እስከ 19 ያለፈ 70፣ ከ20 እስከ 29 ያለፈ 120፣ ከ30 እስከ 39 ያለፈ 230፣ 40ና ከዚያ በላይ ያለፈ 425 ዶላር። በዚያው ቀን ሌላም ሕግ ይጀምራል። ከተፈቀደው በ30 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ ሲነዳ ፖሊስ ያስቆመው ሰው በግድየለሽ ነጂነት ሊከሰስ፣ እስከ 60 ቀን እስርና እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። ሕጉን አልቃወምም። ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ነው። ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ይኼ ሁሉ የተቀመጠው «የመንገድ ደኅንነትን የሚያጠናክሩ እርምጃዎች» በሚል አንዲት መስመር ነው። ከላይዋ ሪባን የሚቆርጡበት ፎቶ፣ ከታችዋ ሌላ ሪባን። ባለቤቴ ፎቶውን አይቶ አለፈ። እንግዲህ ዜናውን ከካሜራው ነው የሚሰማው።

ደግሞ ጣፋጩን ብቻ አይንገሩን። በ2025 ክልሉ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የበጀት ጉድለት እንደነበረበት ዜና ላይ ሰምተናል። ጉድለቱ በከፊል ከእኛ ኪስ እንደተሞላም እናውቃለን። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የመኪና ግዢ ታክስ ከ6 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ብሏል። ለመጨመር ድምጽ ከሰጡ «ሰጥቻለሁ፣ ምክንያቴም ይኼ ነው» ይበሉን። እንቀየማለን፣ ከዚያ ይገባናል።

ወደ ዲፖዚቱ፣ ተከራይ ለአከራይ ወደሚያስይዘው ገንዘብ፣ ልለፍ። ባለፈው ዓመት ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጡ ባልና ሚስት አፓርትመንት ሲከራዩ የሁለት ወር ዲፖዚት ተጠየቁና ከፈሉ። ከዘመድ ተበድረው ነው። ያን ጊዜ ሕጉ ተቀይሮ ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በሜሪላንድ አከራይ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መቀበል አይችልም። ከዚያ በላይ የተቀበለ አከራይ ደግሞ በትርፍ የወሰደውን እስከ ሦስት እጥፍ እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል። እናንተ ያወጣችሁት ጥሩ ሕግ ነው። ልጆቹ የሰሙት ከስድስት ወር በኋላ፣ ክርስትና ላይ፣ አጠገባቸው ከተቀመጠ ሰው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

በነገራችን ላይ የኪራይ ጭማሪው ጣሪያ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ለእሱም እርስዎን ያመሰግናል። እሱን ያወጣው ግን በ2023 የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። በዓመት ከ6 በመቶ በላይ አይጨመርም፤ አዳዲስ ሕንፃዎች ግን አይካተቱበትም። ስለ ቲፒኤስ (ለስደተኞች ስለሚሰጠው ጊዜያዊ ጥበቃ) ደግሞ እርስዎን የሚጠይቁ አሉ፤ ያ የፌዴራል መንግሥት ነው። እኛ ካውንቲውን፣ ክልሉንና ዋሽንግተንን አንድ ላይ «መንግሥት» ነው የምንላቸው። በየዜናው ጎን «ይኼን የወሰነው ማን ነው፣ የሚደወለውስ ለማን ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ስንት ስልክ ይቀንስልዎት ነበር።

የወሊድና የሕመም ፈቃዱንም እንዲሁ። ያ ሕግ በ2022 ወጣ ሲባል እኔ ጋ የሚሠሩት ሴቶች እልል ነበር ያሉት። በአረጋውያን መጦሪያ ነው የምንሠራው። እናቱ የታመመችበት ወይም የወለደች ሰው እስከ 12 ሳምንት ክፍያ እያገኘ ይቀመጣል ተባልን። ከዚያ ዘገየ። ደግሞ ዘገየ። አሁን መዋጮው በጃንዋሪ 2027፣ ክፍያው በጃንዋሪ 2028 ይጀምራል ተብሏል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሕጉ ሥራ ላይ ያለ መስሏት፣ አርግዛ፣ ቀን እየቆጠረች ነበር። ሕጉ ሲወጣ በደስታ እንደነገሩን ሁሉ ሲዘገይም በዚያው ድምጽ ይንገሩን።

በጣም ያናደደኝ ግን ስኮላርሺፑ ነው። በሜሪላንድ እያንዳንዱ ሴናተርና እያንዳንዱ ዴሊጌት ለዲስትሪክቱ ተማሪዎች የሚሰጠው የኮሌጅ ስኮላርሺፕ አለው። ይኼ በሌላ ክልል እንደዋዛ የሚገኝ ነገር አይደለም። ዲስትሪክታችን አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌቶች አሉት፤ አራት በር ማለት ነው። ከእኛ ፎቅ አንዲት ልጅ ባለፈው ዓመት ኮሌጅ ገባች። ጎበዝ ናት። አባቷ ሌሊት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። አንዱንም በር አላንኳኩም። አንዱም መኖሩን አያውቁም። እኔ ያየሁት ያን ቀን ለእማማ ሳነብ፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ፣ ከቢሮዎ አድራሻ በላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። የዚያች ልጅ አባት መቼም አያገኘውም። ማመልከቻው ሲከፈት አንዲት ገጽ በአማርኛ ጽፈው ለየቤተ ክርስቲያኑ፣ ለየመስጊዱና ለየእድሩ ቢልኩ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሲነበብ አገር ይሰማዋል። የእኛ ሰው ኢሜይል ላይከፍት ይችላል። ማስታወቂያ ሲነበብ ግን ጸጥ ብሎ ያዳምጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ።

ከቤቴ ወጥቼ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ደቡብ ብሄድ፣ ኢስተርን አቬኑን ስሻገር ዋሽንግተን ዲሲ ገባሁ። የምሻገረው አንድ መንገድ ነው። ከመንገዱ ማዶ አማርኛ በሕግ ቦታ ያለው ቋንቋ ነው። የዲሲ የቋንቋ ሕግ የወጣው በ2004 ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ መካከል እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ከሆኑ፣ ከሁለቱ ባነሰው ተቆጥሮ፣ ዋና ዋና ሰነዶች በቋንቋቸው ይተረጎማሉ። አማርኛም ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር እኩል ተሰልፏል።

የእኛ የሜሪላንድ ሕግ የ2002 ነው። በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። እሱም 3 በመቶ ይላል፤ ግን እዚያው ላይ ያቆማል። 500 የምትለዋ ቁጥር የለችበትም። አንድ የክልሉ ቢሮ ሞንጎመሪ ካውንቲን በሙሉ የሚያገለግል ከሆነ፣ ካውንቲው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስላለው፣ 3 በመቶው ከ30,000 ሰው በላይ ነው። የሚቆጠረው አማርኛ የሚናገር ሁሉ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚቸግረው ብቻ ነው። እማማ ይቆጠራሉ፤ እኔ አልቆጠርም። በዚህ ሂሳብ እማማ ከመንገዱ ወዲያ ቢኖሩ መብት አላቸው፣ ከመንገዱ ወዲህ ስለሚኖሩ ግን ዕድላቸው የልጅ ልጃቸው ስልክ ነው።

የምርጫ ወረቀቱ የባሰ ነው። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በቋንቋ ጉዳይ የሚያውቀው ስፓኒሽን፣ የእስያ ቋንቋዎችን፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦችና የአላስካን ቋንቋዎች ብቻ ነው። አፍሪካ የለችበትም። ሚሊዮን ብንሆንም አይለውጠውም። እሱን እርስዎ አይቀይሩትም፤ የኮንግረስ ሥራ ነው። የ2002ቱን የሜሪላንድ ሕግ ግን መቀየር ይችላሉ። እርስዎ እንዳሉት፣ የቤት ሂሳብ ስፖንሰር ማድረግ ነው። «ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው» የሚሉ ጥቂት ቃላት መጨመር። ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። በጀቱ እንደጠበበም አውቃለሁ። ቢያንስ ከኪራይ፣ ከጤና መድንና ከሥራ አጥ ክፍያ ቅጾች ይጀመር።

ካውንቲያችን ከጎንደር ጋር እህትማማች ነኝ ይላል። እህት ለእህቷ ስትጽፍ እንደሚገባት አድርጋ ነው።

ሕጉ እስኪቀየር የራስዎ ደብዳቤ ግን ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሁሉም ይተርጎም አልልም። አንድ ገጽ ይበቃል። ማሽን ሳይሆን ሰው ይተርጉመው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። እዚህ ሰፈር ጡረታ የወጡ መምህራንና ጋዜጠኞች ሞልተዋል። ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?

ደግሞ በጊዜው ይሁን። ጉባኤያችሁ የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ታያላችሁ። የእኛ ደብዳቤ የሚመጣው በኤፕሪል እኩለ ሌሊት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ምን እናደርገዋለን? በዲሴምበር ይጻፉልን። በየትኛው ረቂቅ ላይ የሕዝብ አስተያየት እንደሚሰማ፣ መቼ እንደሚሰማ ይንገሩን። በሥራ ቀን አናፖሊስ ድረስ መሄድ ለሺፍት ሠራተኛ አይሆንም። ግን አስተያየትን ከቤት ሆኖ በጽሑፍ መላክ እንደሚቻል እኔ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ከ20 ዓመት በላይ እዚህ ኖሬ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤዎን አንብበን ስንጨርስ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያወራ ክፍል አገኘሁ። በኤፕሪል 2025 ያሳለፋችሁት የኃይል ሕግ ለየቤቱ በአማካይ ወደ 80 ዶላር ገደማ ይመልሳል፤ በሁለት ጊዜ፣ በኦገስት 2025 እና በጃንዋሪ 2026። እማማ ይኼን ሲሰሙ ተነስተው ሄዱና የኦገስትን የመብራት ወረቀት ከመሳቢያ ይዘው መጡ። መነጽሬን አድርጌ ፈለግሁ። እውነትም አንዲት መስመር ተቀንሳለች።

አሳየኋቸው። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ታዲያ እኔ ምን አልኩሽ?» አሉኝ። «ከፍለውልኛል።»

አክባሪዎ፣
አንዲት የዲስትሪክትዎ መራጭ