የቱኒዚያ ሠራተኞች ማኅበር በአድማ ብቻ አይታወስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቱኒዚያ ከአምባገነን አገዛዝ ወደ ዴሞክራሲ ስላደረገችው ሽግግር ሲጻፍ ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበሩ የሚነሳው በጃንዋሪ 2011 አድማዎች ነው (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነዚያን አድማዎች የገፉት በዋናነት እንደ ስፋክስ ያሉ የክልል ቅርንጫፎች ነበሩ። ከባዱ ሥራ ግን የመጣው በ2013 ነው።

በዚያ ዓመት የተቃዋሚ ፖለቲከኞቹ ሹክሪ በልዒድና መሐመድ ብራህሚ ተገደሉ፤ የሕገ መንግሥት ጉባኤውም ሥራ ተቋረጠ። ማኅበሩ ከአሠሪዎች ማኅበር፣ ከሰብዓዊ መብት ሊግና ከጠበቆች ማኅበር ጋር ሆኖ ከቀውሱ የመውጫ ፍኖተ ካርታ ለፓርቲዎቹ አቀረበ። ከአሠሪዎች ጋር መጣመሩ ትልቅ ብልሃት ይመስለኛል፤ በደመወዝ የሚፋለሙ ሁለት ወገኖች አንድ ወረቀት ይዘው ሲመጡ "ለተቃዋሚ ያደላሉ" ማለት ይከብዳል። ደንቡም ጥብቅ ነበር፦ ያልፈረመ ፓርቲ ለውይይት አይቀመጥም። ኦክቶበር 5 ቀን 21 ፓርቲዎች ፈረሙ።

ሰነዱ ለእያንዳንዱ እርምጃ ቀነ ገደብ ሰጥቷል፦ ገለልተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር በ1 ሳምንት፣ መንግሥት ሥልጣን መልቀቅ በ3፣ የሕገ መንግሥቱ ማጠናቀቂያ በ4 ሳምንት። ቀነ ገደቦቹ አልተከበሩም። ፓርቲዎቹ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ላይ ስላልተስማሙ ውይይቱ በኖቬምበር ታገደ፤ መህዲ ጁማዓ የተመረጡት ዲሴምበር 14 ነው። ሕገ መንግሥቱ ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 በ200 ድምፅ ጸደቀ፤ 12 ተቃወሙ፣ 4 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። አራቱ ድርጅቶች በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ሦስቱ የፍኖተ ካርታው መስመሮች መንግሥት፣ ሕገ መንግሥትና ምርጫ ነበሩ፤ ወጣቱን በ2010 አደባባይ ያወጣው የሥራ ጥያቄ ግን ቀነ ገደብ አልተሰጠውም። ያንን ቀነ ገደብ መጠየቅ የነበረበት የሠራተኞቹ ማኅበር ራሱ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ