ወደ አሰላ ከመውጣትህ በፊት

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ሚጡ ታድርስልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ፈረቃ ተቀይሮብኝ ነው፤ ለእማዬ ይህንኑ ብቻ ንገራት።

የድምፅ መልእክትህን ሦስቴ ሰማሁት። ዲኤክሷ መኪናችን ዴራን አልፋ ዳገቱ ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ለቀቀች፤ መካኒኩ ደግሞ ገና ሳይነካት «ቴስታታው ይውረድ» አለ፤ የሞተሩ የላይኛው ራስ ይፈታ ማለቱ ነው። የላክሁልህ ብር የጠየቅከው ግማሽ ነው። ሰስቼ እንዳይመስልህ። ቴስታታ ከመውረዱ በፊት በአንድ ጠዋት የሚፈተሽ ነገር አለ፤ የተረፈው ለሚጡ ሠርግ ይሁን።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይደር። በትኩሱ የራዲያተሩን ክዳን ከከፈትከው ግፊቱ ሲለቅ ውሃው ባንዴ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ያኔ መካኒኩ እውነቱን ይሆናል።

ጠዋት መጀመሪያ ክዳኑን ገልብጠህ እየው። ናዝሬት ላይ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ አሰላ ስትደርስ 92 ገደማ። ጤነኛ ሞተር ደግሞ ቴርሞስታቱ፣ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ፣ ገና 82 ላይ ነው የሚከፈተው፤ ሰው ጭኖ ዳገት ሲይዝ 100 ቢደርስ አይገርምም። ውሃው እንዳይፈላ ይዞት የሚቆየው የክዳኑ ግፊት ነው። 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን እስከ 115 አካባቢ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው ከደረቀና የራዲያተሩ አፍ በጥልቀት ከታተመበት፣ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ታፈላለች። መሀሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርገህ ልቀቃት፤ ተመልሳ ካልገጠመች ክዳኑን ቀይረው። 1.1 ይሻላል ቢሉህ አትስማ፤ ያረጀ ራዲያተር አይችለውም።

ቀጥሎ በባትሪ ብርሃን ማኒኮቶዎቹን (የውሃ ጎማዎቹን)፣ የራዲያተሩን ስፌትና የውሃ ፖምፓው ሥር ያለችውን ቀዳዳ እይ። ውሃ የሾለከበት ቦታ ደርቆ ነጭ ወይም አረንጓዴ ምልክት ይተዋል። ፖምፓው ከዚያች ቀዳዳ ካንጠባጠበ ወይም ፋኑን ይዘህ ስትነቀንቀው ዘንጉ ከተወዛወዘ አልቋል ማለት ነው። ፖምፓውን የሚያዞረውን ቺንጋ መሀሉ ላይ በአውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ተጫነው፤ ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ ከረገበ ይንሸራተታል።

አሁን ክዳኑን ሳትገጥም ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተህ በቀዝቃዛው አስነሳት። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት አረፋ ቢወጣ የታሰረ አየር ነው። አረፋው ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ነዳጅ ስትሰጣትም ከበዛ፣ ቴስታታው ሥር ያለው ጋርኒሲዮን ተበልቷል። ክዳኑን ገጥመህ በቀዝቃዛው ስታስነሳት የላይኛው ማኒኮቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ያው ነው። የዘይቱ መለኪያ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ወይም እሳት ከሚሰጡት አራት ካንዴላዎች አንዱ ብቻ ታጥቦ ከወጣ፣ መካኒኩን ጥራው፤ የቀረውን ብር እኔ ከየትም አምጥቼ እልካለሁ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቆማ የምትሞቅ ከሆነ ፋኑን ጠርጥር። ቆማ ደህና ሆና ዳገት ላይ ብቻ ካፈላች ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ስንት ዓመት የቧንቧ ውሃ ስንጨምርበት ኖረናል፣ የኔም እጅ አለበት። አጽድተው ሲመልሱት ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ (አሲዱን አይደለም) ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ አድርግ። ከኮፈኑ ሥር የሚወጣው ሰማያዊ ሆኖ የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ከሆነ እንፋሎት አይደለም፤ ዘይት የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። የሙቀቱ መርፌ ዝቅ ቢልም አትመነው፤ ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀርና ይዋሻል።

ሚጡ የጥር ሙሽራ! ዳሱን አጥብቃችሁ እሰሩት፣ የናዝሬት ነፋስ ሲነሳ ሸራውን ይዞት ይሄዳል። ያ አቧራ እንኳ ናፈቀኝ ብልህ ትስቅብኛለህ። ስትወጣ ማን እንደሚያቅፋት አስቤ ሥራ ላይ እጄ ይፈታል። አልመጣም ያልኩት አውቄ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እማዬ ጾም ነው ብላ የግፊት ኪኒኗን እንዳታቋርጥ፤ ስለ መድኃኒቱ የንስሐ አባቷ ይምከሯት። ለመልሱ አሰላ ስትሄዱም መኪናዋን ብቻህን እስከ ኢተያ ወጥተህ ሳትሞክራት እናቴን እንዳትጭንብኝ። ካልሆነች ከመናኸሪያ በሚኒባስ ትሂድ፣ ከፊት ወንበር።

አረፋውን ስትፈትሽ በቪዲዮ ቅዳና ላክልኝ። ስልኩን ከራዲያተሩ ስታነሳ ወደ በረንዳው አዙረው፤ እማዬ መቼም እዚያው ተቀምጣ እያየችህ ነው።

ወንድምህ