ለሐዋሳ የፋብሪካ ልጆች የጋራ ቤት እንከራይ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣

ቺካጎ የምትኖሩ ሃልስቴድ ጎዳናን ታውቁታላችሁ። እዚያ ዛሬ ሙዚየም የሆነ አሮጌ የጡብ ቤት አለ፤ ሃል ሃውስ ይባላል። ጄን አዳምስ ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር እ.ኤ.አ. በ1889 የሰፈሩ ሰው መሰብሰቢያና መረዳጃ እንዲሆን የከፈተችው ነው። ጄን የባለጸጋ ልጅ ነበረች። ውርሷን ይዛ ስደተኞችና የፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ገባች፤ እዚያው ኖረች።

በዚያ ዘመን በአንድ ትልቅ የጫማ ፋብሪካ አድማ ተመታ። ሴቶቹ ሃል ሃውስ ተሰብስበው ሲመካከሩ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ቶሎ ፈርተው ወደ ሥራ የሚመለሱት ተከራይተው የሚኖሩት ልጆች ናቸው። ኪራይ ከተጠራቀመባቸው ጎዳና ላይ መውጣታቸው ነው። ታዲያ አንዷ፣ የራሳችን የጋራ ቤት ቢኖረን እንዲህ ባለ ጊዜ እንደጋገፍ ነበር አለች።

ሃል ሃውስ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ከፈለ፣ የቤት ዕቃ አሟላ። ሌላውን ልጆቹ ራሳቸው ያዙት። በሳምንት 3 ዶላር እያዋጡ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ማሞቂያውንና መብራቱን ቻሉ። ቤቱን ጄን ክለብ አሉት። በሁለተኛው ዓመት የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሊጎበኝ መጥቶ፣ ሴቶች አቋቁመው የመሩት የኅብረት ሥራ ተሳክቶ አያውቅም ብሎ ነበር። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ሕንፃው ውስጥ ያሉትን ስድስቱንም አፓርታማዎች ይዘው አባላቱ 50 ደርሰዋል።

እኛም ለሐዋሳ የምንለምነው ይህንኑ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጡ። ለብዙዎቹ ከቤተሰብ ተለይተው ሲኖሩ የመጀመሪያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበረ ጽፏል። በዚህ ላይ ኪራይ አለ፣ ቀለብ አለ፣ ለቤተሰብ የሚላክ አለ። አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ምን ያህል እንደተወደደ፣ አገር ቤት ሰው የምትረዱ ሁሉ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስትወጣ ሥራቸውን ያጡ አሉ። ደመወዝ ሲቋረጥ አከራይ አይጠብቅም። ያቺ የጫማ ፋብሪካ ልጅ የተናገረችው ችግር ይኸው ነው።

ያሰብነው አንድ ግቢ መከራየት ነው። የምናሰባስበው ገንዘብ ለቅድሚያ ኪራዩ፣ ለአልጋና ለፍራሽ፣ ለውሃ ሮቶ፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከማታ ፈረቃ ለሚመለሱት ደግሞ ለደጅ መብራትና ለደህና ቁልፍ ይውላል። ከዚያ በኋላ ወርሃዊውን ወጪ ልጆቹ በመዋጮ ይሸፍናሉ። ውሉ በእነሱ ስም ይሆናል፣ ደንቡንም እነሱ ያወጣሉ። «ልጆች ናቸው፣ ቤት ማስተዳደር አይችሉም» የሚል ሰው አጋጥሞናል። እቁብ የሚጥሉ፣ ዕዳቸውን በሰዓቱ የሚከፍሉ ልጆች ናቸው፤ እናምናቸዋለን።

ስለ ገንዘቡ ምንጭም እንናገር። ለጄን ክለብ አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ አንድ ሰው 20,000 ዶላር ልስጥ አለ። በራሱ ድርጅት ለሚሠሩ ሴቶች የሚከፍለው እጅግ ትንሽ እንደሆነ ስለታወቀ ገንዘቡ አልተወሰደም። ሕንፃው በኋላ በሌላ ሰው ስጦታ ተሠራ። እኛም ሠራተኛ በድሎ ከሚያተርፍ ሰው አንቀበልም። የእናንተ ሃያ ዶላር ይበልጥብናል።

መዋጮውን ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሒሳቡ በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። በአንድ ጊዜ መስጠት የሚከብዳችሁ በየወሩ ከፋፍላችሁ ስጡ።

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ያላችሁ ወይም ጨዋ አከራይ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ከገንዘቡም በፊት እናንተን እንፈልጋለን። ውሃ የሚገባበት፣ የሠራተኛ ሰርቪስ ከሚያልፍበት መንገድ ያልራቀ ቢሆን ደስ ይለናል። ዛሬውኑ ንገሩን።