ስም አታስጽፊ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደ ልማዱ ነው። ስትደውዪላት «ድኛለሁ» ትልሻለች፤ አትመኛት።

አጎትሽ ቅዳሜ ከእንጅባራ ሲመለስ እኛ ዘንድ አደረ። የላክሽውን ድንች አድርሷል። ወሬውን የነገረኝ ሊያመሰግንሽ ብሎ ነው፣ እየሳቀ። «ልጅህ ጉድ ናት! በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አገውኛ ትንፍሽ የሚል የለም። የክፍል አለቃውን ስም ጻፊ አድርጋዋለች፤ ስሙ የተጻፈ ወይ አምስት ብር ያመጣል ወይ ሰሌዳው ሥር ይንበረከካል» አለኝ። እናትሽ ቡና እየቆላች ነበር። ማንከሽከሻውን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንዳየችኝ እደርስበታለሁ።

ስም አታስጽፊ። የሰበሰብሽውንም ብር ለየልጁ መልሺ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል።

«አባዬ፣ እኔ እኮ የተቀጠርሁት አማርኛ ላስተምር ነው» እንደምትይኝ አውቃለሁ። አስተምሪ! ማን ከለከለሽ? ነገ ባሕር ዳር ሲሄዱ፣ ፍርድ ቤት ሲቆሙ፣ መሥሪያ ቤት ሲገቡ ያስፈልጋቸዋል። ግን እነዚያ ልጆች ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእናታቸው ቋንቋ እየተማሩ ነው አንቺ ጋ የሚመጡት። የአንቺ አማርኛ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው። ያንን አስጥለሽ ይህን ልታስይዥ አይደለም የተላክሽው።

አንቺ የደረስሽው ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ ስለሆነ አታውቂውም። በኔ ጊዜ በአገውኛ የሚሰጥ አንድም ትምህርት አልነበረም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቋንቋው አምስት ነበር፣ ኋላ አሥራ አምስት ደረሰ። አገውኛ ከአሥራ አምስቱም ውስጥ የለበትም። እኔ ራሴ ማታ ማታ በኩራዝ እናቶችን በአማርኛ ሀ ሁ አስቆጥር ነበር። ይነቀንቁልኛል፤ ገባቸው ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ነው ልጆች በአፍ መፍቻቸው መማር የጀመሩት። የመጀመሪያውን የአገውኛ መጽሐፍ ሲያሳዩኝ ጘ የምትለውን ፊደል፣ ገ መስላ ገ ያልሆነችውን፣ የማተሚያ ቤት ስሕተት መስላኝ በቀይ እስክሪብቶ ላርማት ነበር። የመምህር አባትሽ እውቀት ይህን ያህል ነበር። አሁን ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 5 ላይ ለአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ይሰጣል። አንቀጹ ግን ክፍል አይገባም፤ የምትገቢው አንቺ ነሽ።

ደግሞ ረስተሽው ነው እንጂ አንቺም ቀምሰሽዋል። ስምንተኛ ክፍል ብርሃን አስተጻምሮን ለጎረቤት ልጅ ሁሉ ታስረጂ ነበር። ዘጠነኛ ገብተሽ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ያንኑ የምታውቂውን ተጠይቀሽ በአማርኛ ብትመልሽ ክፍሉ ሳቀብሽ። ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብለሽ ጋቢዬ ውስጥ ተጠቅልለሽ ተኛሽ። አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር። ያንቺዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ዘጠኝ?

ስም አታስጽፊ ልጄ።

በ1974 ሁለተኛ ክፍል የማስተምረው አንድ ልጅ ነበር። በግ ጠባቂ ነው፣ እግሩ ጭቃ እንደለበሰ ይመጣል። የቃል ፈተና ቁጥር ቁጠር አልሁት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአገውኛ እስከ መቶ አንዴ ሳይደናቀፍ ወረደው። መቁጠሩን አውቄያለሁ፤ ቋንቋውን ባልችል ዜማውን እሰማለሁ። «በአማርኛ!» አልሁት። አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። ዜሮ ሰጠሁት። ዜሮ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ልጆቹን «ሳቁበት» አልኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ቀረ። እኔም ስሙን ከመዝገብ ሰረዝሁና ረሳሁት።

በ2010 ከእናትሽ ጋር እንጅባራ ገበያ ድንች ልንገዛ ቆምን። ሻጩ ጠና ያለ ሰው ነው። መቶ ብር ሰጠሁት፤ መልሱን በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ በአገውኛ ይቆጥራል። መሀል ላይ ቀና አለና አየኝ። አወቀኝ። እጁ ቆመ። ብሮቹን መልሶ ደባለቃቸውና «አንድ… ሁለት…» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ጀመረ፣ በአማርኛ። በሁለት እጁ ሰጠኝ። እኔ አፌ ተያዘ፤ «አመሰግናለሁ» ብዬ ሄድሁ። አውቶቡስ ውስጥ ስቆጥረው አሥር ብር ትርፍ አለው። እናትሽ «ወርደህ መልስለት» አለችኝ። አውቶቡሱ ተነሥቷል አልኋት። አልተነሣም ነበር።

በ2013 ብር ሲለወጥ ያችን አሥር ብር ባንክ መውሰድ አልሆነልኝም። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነበረች።

ሌላ፣ ብርዱ ጠንክሯል ይላሉ። ከሰል አቀጣጥለሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ፤ ሰው ገድሏል። ጋቢ በአጎትሽ ልኬልሻለሁ፣ የእናትሽ ፈትል ነው፣ በኦሞ እንዳታጥቢው። ደመወዝሽን ለማንም አታበድሪ።

ፖስታው ውስጥ አሮጌዋ አሥር ብር አለች፣ አዲስ አሥር ብርም ጨምሬበታለሁ። ሰውየው ከድንች ተራው ዳር፣ ቀርቀሃ ከሚሸጡት አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ግራ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው። ጋሼ በይው። የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪው፣ እንዳትደብቂ። ሁለቱንም ስጪውና እስከ መቶ በአገውኛ ቁጠርልኝ በይው። ሲቆጥር እንዳታቋርጪው።

አባትሽ