«ግሪን ካርድ አያሳጣም» የምትለዋ ግማሽ እውነት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ምክር በምትሰጡበት ዓምድ ላይ «አንድ ጊዜ ጠጥቶ መንዳት ግሪን ካርድ አያሳጣም» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብኩ። ጸሐፊው አልዋሹም። ይህንኑ ዐረፍተ ነገር እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ወዳጄ በስልክ ነግሮኝ፣ አምኜው፣ እፎይ ብዬ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ያገኘሁትን ልጻፍላችሁ።

አሜሪካ የገባሁት በ2011 በዲቪ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን እንጀራዬ የጭነት መኪና ማሽከርከር ነበር። በ2017 ጥር መጨረሻ ላይ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ተነሥቶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተጠራን። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ በእህቷ መኪና ቀደም ብላ ተመለሰች። እኔ የቀረሁት «በሞቴ» ተብዬ ነው። ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቼ በቃኝ ስል አባወራው የውስኪ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ብርጭቆውን በእጅህ ብትከድነው ጣትህ ላይ ይቀዳል። ጠጁን ደግሞ ከመጠጥ አልቆጠርኩትም ነበር።

የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሬ ቨርጂኒያ እንደገባሁ ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት በራ። ነጭ የአገር ልብሴን እንደለበስኩ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ ተረከዜን ከአውራ ጣቴ እያገናኘሁ ዘጠኝ እርምጃ ሄጄ እንድመለስ ታዘዝኩ። ስድስተኛው ላይ ተንገዳገድኩ። ጣቢያ ወስደው ሲያስተነፍሱኝ የአልኮል መጠኔ 0.11 ወጣ። የቨርጂኒያ ገደብ 0.08 ነው። በዚያ ሌሊት ሰው አልገጨሁም፣ ሰው አልገደልኩም፤ ይህ ግን የእኔ ጥንቃቄ ያመጣው አይደለም፤ እንደ ጥፋቴ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር። አሻራዬን በመስታወት ላይ አስነኩኝ። የታሰረ ሰው አሻራ ወደ ኤፍቢአይ፣ ከዚያም ኢሚግሬሽንን ወደሚመራው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚሻገር በዚያ ሰዓት አላወቅሁም።

ጠበቃ ያዝኩ። ገንዘቡን ተቀብሎ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ይለቅልህ» አለኝ። የየት አገር ዜጋ እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲላ ጉዳይ፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ከአገር ሊባረር የሚችል ከሆነ አስቀድሞ ሊነግረው ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ስለ መባረር እንጂ ስለ ዜግነት ማመልከቻ አይናገርም፤ ስለዚህ ጠበቃዬ ምናልባት ሕግ አልጣሰ ይሆናል። የእምነት ክህደት ቃሌን ስጠየቅ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት እያለኝ «አያስፈልገኝም» አልኩ። ዳኛ ሲናገር አንገት ደፍቶ «እሺ ጌታዬ» ማለት ነው ያደግሁበት፤ የተጠየቅሁትን ሁሉ አዎ አዎ ብዬ በአራት ደቂቃ ወጣሁ። ዘጠና ቀን እስራት፣ ሁሉም ለአንድ ዓመት በገደብ፤ 250 ዶላር መቀጮና የፍርድ ቤት ወጪ፤ መንጃ ፈቃዴ ለ12 ወር ታገደ፤ አሥር ሳምንት የመጠጥ ትምህርት። ከበር ስወጣ ወዳጄን ደውዬ «250 ዶላር ብቻ!» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

መጀመሪያ የሄደው ሥራዬ ነው። የተያዝኩት በራሴ የቤት መኪና ነበር፣ የጭነት መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ለፌዴራሉ ሕግ ግን ልዩነት የለውም፤ ሲዲኤል (የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው በየትኛውም መኪና ጠጥቶ ከነዳና ከተፈረደበት ሲዲኤሉን ለአንድ ዓመት ያጣል፤ ሁለተኛ ከደገመው ለዕድሜ ልክ ነው። በጭነት መኪና ላይ ከሆነማ የተፈቀደው የአልኮል መጠን ራሱ ወደ 0.04 ይወርዳል። ከእኛ ሰው ስንቱ በመሪ እንደሚያድር እናንተም ታውቃላችሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ በመስኮት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠራሁ።

ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ብቻ እንድነዳ የተሰጠኝ ጠባብ ፈቃድ ደግሞ ከአንድ መሣሪያ ጋር ነው የመጣው። ቨርጂኒያ ከ2012 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛም ቢሆን ታስገጥማለች። መኪናው የሚነሣው በቱቦው ስትተነፍስበት ነው፤ እየነዳህ ሳለም በድንገት ይጮህና እንደገና ተንፍስ ይልሃል። አፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት እንኳ አልኮል አለበትና አትጠቀም ተብያለሁ። የስድስት ዓመት ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና ስትመለከተኝ ከርማ አንድ ቀን ትምህርት ቤቷ በር ላይ፣ ሌሎች ወላጆች እየሰሙ፣ «አባዬ፣ የመኪናው ልደት ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ቀጥሎ ዜግነቱ መጣ። ከመያዜ በፊት በ2016 መኸር 680 ዶላር ከፍዬ አመልክቼ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ መርማሪዋ በጣም ጨዋ ሰው ነበረች። ማመልከቻው ላይ «ታስረህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ፋይሉ ቢዘጋም ቢሰረዝም መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። መለስኩ። በገደብ ላይ ያለ ሰው ገደቡ ሳያልቅ ማመልከቻው ሊጸድቅ አይችልም ብላ ደንቡን አሳየችኝና ውድቅ አደረገችው። ኋላ ያማከርኩት የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ የመልካም ጠባይ ምርመራው ወደ ኋላ አምስት ዓመት ስለሚቆጠር ያ ሌሊት ከአምስቱ ዓመት እስኪወጣ ብጠብቅ እንደሚሻል መከረኝ። ዜጋ የሆንኩት በ2022 ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም፤ ለወላጅ ማመልከት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። እናቴ በ2020 ደሴ ላይ ዐረፈች።

የቶሮንቶውን ነገር ሳልጽፍ ብተወው ደስ ባለኝ፤ ግን አንባቢዎቻችሁ ካናዳም አሉ። በ2018 ክረምት የአጎቴ ልጅ ስታገባ ቤተሰቤን ይዤ በመኪና ሄድኩ። ቡፋሎ ላይ ድልድዩን ተሻግረን የካናዳው የድንበር ሹም ፓስፖርቴንና ግሪን ካርዴን አየና ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ውስጥ ጠራኝ። ካናዳ ጠጥቶ ማሽከርከርን እንደ ወንጀል ስለምትቆጥረው በውጭ አገር የተፈረደበትን ሰው ልትመልስ ትችላለች፤ እኔንም መለሰችኝ። ባለቤቴ መሪውን ይዛ ቡፋሎ አንድ ሆቴል አድርሳኝ ከልጆቹ ጋር ወደ ሠርጉ ሄደች። ለሠርጉ ያሰፋሁት ሙሉ ልብስ ከሆቴሉ በር ጀርባ ተሰቅሎ፣ እኔ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ የሙሽራዋን መግቢያ በስልክ አየሁ። ዘመድ ሁሉ «ለምን ቀረ?» ሲል ባለቤቴ «ሥራ በዝቶበት» አለች።

እዚያው ካናዳ ለሚኖሩት ደግሞ ነገሩ ከዚያ ወዲህ ብሷል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ጀምሮ የወንጀሉ ከፍተኛ ቅጣት ከአምስት ወደ አሥር ዓመት እስራት ከፍ ስላለ፣ በኢሚግሬሽን ሕጉ «ከባድ ወንጀል» ከሚባለው ውስጥ ገብቷል። ዳኛው የገንዘብ መቀጮ ብቻ ቢፈርድም እንኳ ቋሚ ነዋሪው የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያሳጣ ሂደት ሊከፈትበት ይችላል። «አያሳጣም» የምትለው የእናንተ ዐረፍተ ነገር ድንበሩን ስትሻገር ሐሰት ትሆናለች ማለት ነው። ዓምዳችሁ ግን ስለ የትኛው አገር እንደሚናገር አንድም ቦታ አልጻፈም።

አሜሪካ ውስጥም ቢሆን እውነቷ ጠባብ ናት። መሠረቷ ሊዮካል በተባለ የሄይቲ ተወላጅ ጉዳይ በ2004 የተሰጠ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሰውየው ፍሎሪዳ ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ ሰዎችን አቁስሎ፣ ይህ «የኃይል ወንጀል» ነው ተብሎ እንዲባረር ተወስኖበት ነበር። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ አይደለም አሉ። ያን ሲሉ ግን ሊዮካል ቀድሞ ሄይቲ ተልኳል። አንድ ጊዜ፣ መጠጥ ብቻ፣ ሌላ ክስ ሳይደረብ ከሆነ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አያስባርርም፤ እዚህ ድረስ እንስማማለን። የሚደረበው ነው ችግሩ። ከክርስትና ስንመለስ ልጆች መኪናው ውስጥ ናቸው። ቨርጂኒያ ለዚያ ብቻ ቢያንስ አምስት ቀን እስራት ትጨምራለች፤ ሕፃንን ለአደጋ በማጋለጥ የሚል ክስ ከተለጠፈበት ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ ራሱን የቻለ የመባረሪያ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የእኔ ልጆች በባለቤቴ እህት መኪና ባይሄዱ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ነበር። መንጃ ፈቃዱ መታገዱን እያወቀ ጠጥቶ የነዳ ሰውም ጉዳዩ ከተራ ጥፋት ወጥቶ፣ የመባረሪያ ምክንያት ሊሆን ወደሚችለው «የሥነ ምግባር ወንጀል» ሊገባ ይችላል። ደጋግሞ የተፈረደበትን በሚመለከት፣ የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዊልያም ባር በጥቅምት 2019 በካስቲዮ-ፔሬዝ ጉዳይ ላይ በሰጡት ውሳኔ፣ በሚመረመረው ዘመን ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ እንዲገመት አድርገዋል። መጠጥ ትቻለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም።

ግሪን ካርድ የሌለውስ? በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ገና ሳይፈረድበት፣ በመታሰሩ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ትምህርቱን ይቀጥል ይሆናል፤ እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ከገባ ግን ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ በር ላይ መቆም አለበት። በጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) ያለ ሰው ደግሞ ማንኛውም ዓይነት ሁለት ቀላል ወንጀል ከለላውን ያሳጡታል። ዓምዳችሁን የሚያነቡት እነዚህም ናቸው።

«ፋይሉ ይዘጋልሃል» የሚባለው ማባበያም አለ። ዳኛው ጥፋተኝነቱን ሳይመዘግብ በአመክሮ የሚለቅበት አሠራር በብዙ ግዛት አለ፤ ሰው ነጻ ወጣሁ ብሎ ይደግሳል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የራሱ ትርጉም አለው፦ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ካመነና ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ግዴታ ከጣለበት ተፈርዶበታል ማለት ነው፤ የግዛቱ መዝገብ ምንም ይበል።

መኪና ውስጥ መተኛትም እንደ ብልሃት ሲነገር እሰማለሁ። እኔም ያን ሌሊት አስቤው ነበር። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ኤንሪኬዝ በተባለ ሰው ጉዳይ፣ ሰክሮ በቆመ መኪና ውስጥ ከመሪው ኋላ የተቀመጠ ሰው ቁልፉን ማስነሻው ላይ ከሰካ መኪናውን እንደነዳ ይቆጠራል ብሏል። በጥር ብርድ ማሞቂያ ሳያበራ የሚተኛ ሰው ካለ እሱ ይሞክረው።

የዐረብ አገሩን አላራዝመውም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ2025 ሥራ ላይ ባዋለችው የትራፊክ ሕግ ጠጥቶ ለነዳ መቀጮው ከ20,000 እስከ 100,000 ድርሃም ነው፣ እስራትም ሊኖርበት ይችላል። ሳዑዲ ውስጥ መጠጡ ራሱ ወንጀል ነው። በአሠሪው ስም የሚኖር ሰው ከፍርዱ በፊት ሥራውን፣ ከሥራው ጋር መኖሪያውን ሊያጣ ይችላል።

ለጸሐፊው አንድ ቅሬታ ብቻ ነው ያለኝ። እኔን የጎዳኝ ሕጉ አይደለም፤ ሕጉ ያገኘኝ ጥፋተኛ ሆኜ ነው። የጎዳኝ ከተያዝኩበት ሌሊት እስከ ፍርድ ቤቱ ቀን የነበሩኝን ስምንት ሳምንታት ተዝናንቼ ማሳለፌ ነው። ቀጠሮ ማስለወጥ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃና የወንጀል ጠበቃ አንድ ላይ እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ ክሱ በምን ቃል እንደተጻፈ አይቶ መከራከር የሚቻለው «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለት በፊት ነበር። ያን ጊዜ «ያባርሩሃል» ብሎ ያስፈራራኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ጠበቃ ፍለጋ እሮጥ ነበር፤ «አያሳጣም» ያለኝ ሰው ግን አስተኛኝ።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ዐረፍተ ነገሩን አትሰርዙት። ከሥሩ የትኛውን አገር እንደሚመለከት፣ ልጅ መኪናው ውስጥ ከነበረ፣ መንጃ ፈቃዱ ቀድሞ ከታገደ፣ ወይም ሰውየው ግሪን ካርድ ከሌለው እንደማይሠራ ጻፉበት፤ የእምነት ክህደት ቃል ከመስጠት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር እንደሚገባም ጨምሩ። ምክሩ በወጣበት ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ