ስለ ኢርፎን ጎማ ልክ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ወጣቶች ኢርፎን ሰክተው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተው ጆሯቸውን እየጎዱ ነው የሚለው ወቀሳ በቤትም በትምህርት ቤትም ዘወትር ይሰማል። ወቀሳው መሠረት የለውም አልልም፤ ይሁንና ድምፁ ከልክ በላይ እንዲጨመር ከሚገፋፉት ምክንያቶች አንዱ፣ ማለትም ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ጎማ በልኩ አለመሆኑ፣ ሲነሳ ስለማልሰማ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ጎማው የጆሮን ቀዳዳ ዙሪያውን ካልደፈነ በመጀመሪያ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ፣ በተለምዶ ቤዝ የሚባለው ነው። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ይሳሳሉ፤ የዘፋኙ ድምፅ ብቻ እንደ ቆርቆሮ እየተንኳኳ ይቀራል። በዚያው ክፍተት የውጭው ጫጫታ ይገባል፤ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሞተሩ ጉርምርምታ ራሱ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የተረፈውን ቤዝ ይውጠዋል። አድማጩ ዕቃው የማይረባ መስሎት ድምፁን ይጨምራል፤ ሲጨምር ግን የጎደለው ቤዝ ብቻ ሳይሆን ያልጎደለው ቀጭን ድምፅም አብሮ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው የማዳመጥ ወሰን በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ83 ዴሲቤል 20፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ይቀራል፤ ጆሮ በቅጡ የማይለየው ጭማሪ የሳምንቱን ድርሻ ያጋምሰዋል ማለት ነው።

አብዛኛው ኢርፎን ከነካርቶኑ ሲገዛ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ አለው፤ መካከለኛው ተሰክቶ ስለሚመጣ ብዙ ሰው የቀሩትን ሳያያቸው ከነካርቶኑ ይጥላቸዋል። የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ጆሮ እኩል ላይሆን ስለሚችል፣ በአንዱ መካከለኛ በሌላው ትልቅ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። አገባቡም ወሳኝ ነው፦ በተቃራኒው እጅ በጭንቅላት ዙሪያ አልፎ የጆሮን የላይኛውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ ኢርፎኑን በመጠኑ እያሽከረከሩ ማስገባት፣ ከዚያ ጆሮውን መልቀቅ። ስፖንጅ የሆነው ዓይነት ከመግባቱ በፊት በጣት ተጨምቆ ይቀጥናል፤ ከገባም በኋላ ተመልሶ እስኪነፋ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዛል። መግጠሙን ለማወቅ ሙዚቃ ሳይከፍቱ መናገር ይበቃል፤ የራስ ድምፅ ከወትሮው ወፍሮ ጭንቅላት ውስጥ ካስተጋባ ደፍኗል። ካሳመመ ግን ትልቅ ነውና፣ በጉልበት መግፋት ኩክን ወደ ውስጥ ከመጠቅጠቅ በቀር ፋይዳ የለውም። በአንድ ጎን ብቻ ድምፅ የሚያንስ ከሆነ ደግሞ፣ ጎማውን ከመውቀስ በፊት የኢርፎኑ ወንፊት በኩክ መደፈን አለመደፈኑን ማየት ይገባል። የሲሊኮን ጎማ ነቅለው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ያጥቡታል፤ በደንብ ሳይደርቅ ግን አይመለስም።

በልኩ የገጠመ ጎማ የባጃጅ ጥሩምባንም ስለሚያፍን፣ በጅማችን መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር በእግር የሚሄድ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ ቢያወልቀው ይሻላል።

በከተማችን በአንዳንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫዎች ኢርፎን ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ትርፍ ጎማዎቹ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ይሸጣል። መለዋወጫ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ጎማ ብቻውን ማን ይገዛል? አዲሱን ውሰድ» የሚል ነው። ከዚህም የባሰው፣ ለሙከራ የተሰካው ያው ጎማ ሳይጸዳ ከአንዱ ደንበኛ ጆሮ ወደ ሌላው መዘዋወሩ ነው። ነጋዴዎቻችን ሦስቱንም ልክ ከዕቃው ጋር ቢያስረክቡ፣ ጎማውን ለብቻው በጥንድ ቢሸጡ፣ ለሙከራ የሚሰጡትንም በየደንበኛው ቢቀይሩ ወጪው የሚከብዳቸው አይመስለኝም፤ እኔን ጨምሮ ከፍለን የምንገዛም አንጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ